ፈተና፣ ማሲንቆና መርዶ በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከጎንደር የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቀን የሚማሩና ማታ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ ወይም ከእነሱ ጋር የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ልጅ ሊድሩ ሽር ጉድ ላይ ያሉ አባት ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተናል። ጉዳዩ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛችን የደባርቅ ልጅ ነው። ቀን ይማራል፣ ማታ ፒያሳ አካባቢ አንድ አዝማሪ ቤት ማሲንቆ ይጫወታል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ፈተና ገብቶ ሳለ አጎቱ ደውለው አባቱ ንጋት ላይ እንዳረፉ ነገሩን። ቀብሩ የዚያኑ ቀን 9 ሰዓት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈተና ስለነበረው «ፈተናውን ይጨርስ፤ መርዶ እንደሆነ የሚነገረው ሲነጋ ነው» ተባብለን ዝም አልን። ማታም እንደ ወትሮው ሄዶ ተጫወተ። ዓርብ ንጋት ላይ ነገርነው። አሁን ከደባርቅ ተመልሷል፤ ግን አያናግረንም። ምን ማድረግ ነበረብን? አሁንስ ምን እናድርግ?
(ሦስት የዶርም ጓደኞች፣ ማራኪ)

መልስ፦ ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጓደኛችሁን ያስቆጣው ግን ቀላል ነገር አይደለም። አባቱን አፈር ሳያለብስ ቀርቷል፤ አባቱ በተቀበሩበት ማታ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ ሲያስጨፍር አምሽቷል። ሁለቱንም ዕድሜ ልኩን ያስታውሳቸዋል።

የዚያን ዕለት በእጃችሁ የነበሩት ፈተና፣ ሥራና ቀብር ናቸው። ፈተና በሌላ ቀን ሊሰጥ ይችላል። መድረክ ላይም ሌላ ሰው ሊቆም ይችላል። ቀብር ግን 9 ሰዓት ከተባለ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስልክ ያነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» ብሎ ነው። ከዚያ ሰዓቱን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ስላለበት ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ መኪና እስኪገኝና እስኪሞላ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 4፡30 ላይ ከፈተና ሲወጣ ቢነገረው ኖሮ 8 ሰዓት ላይ ደባርቅ ይደርስ ነበር። መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ከሚውል ሾፌር ወይም ረዳት በስልክ ማጣራትም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

መርዶ ሲነጋ ይነገራል ማለታችሁ ልክ ነው፤ ግን ልማዱ የራሱ ምክንያት አለው። ንጋት ላይ ጎረቤትና ዘመድ እቤቱ ነው፣ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ለብቻው አይጋፈጠውም፣ ለቅሶ ደራሹም ቀኑን ሙሉ ሲመጣ ይውላል። ይህ የሚሠራው ቀብሩ ላለፈበት ወይም ሊደርስ ለማይችል ሰው ነው። ቀብሩ ገና ከሆነና ሰዓቱ የሚያደርስ ከሆነ ንጋት አይጠበቅም። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይፈጥናል፤ ታጥቦና ተገንዞ፣ ተሰግዶበት ለመቀበር የሚፈጀው የሰዓታት ጊዜ ነው። ደቂቃም ማባከን አይገባም።

ጀምሮት የነበረውን የጠዋቱን ፈተና እንዲጨርስ መተዋችሁ ትክክል ነበር። ሥራችሁ ግን እሱ ውስጥ በተቀመጠባቸው ሁለት ሰዓታት ማለቅ ነበረበት። ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም፤ ተማሪ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፍተው ደግሞ ስልኩን ነው። በዚያች ቅጽበት ቴሌግራም ላይ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ቢያየው መርዶውን የነገረው ስልኩ ነው። ስለዚህ አጎቱ ቤተ ዘመዱንና አብሮ አደጎቹን «እኛ ነግረነዋል እስክንል ማንም ምንም እንዳይለጥፍ፣ እንዳይደውልለትም» ብለው እንዲያስጠነቅቁ ንገሯቸው። ከእናንተ ሁለታችሁ በሩ ላይ ጠብቁት።

የዶርም ኮሪደር ወይም የካፌ በር ላይ አይነገርም። ጎንደር የሚኖር ዘመድ ወይም የአገሩ ሰው ቤት ካለ እዚያ ይወሰድ፤ ከሌለ በር የሚዘጋ ጸጥ ያለ ክፍል ተለምኖም ቢሆን ይገኝ። ተናጋሪው ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ይሁን፤ ዘመድ፣ የንስሐ አባቱ፣ ወይም የሚያከብረው መምህር። እናንተ አጠገቡ ትቆማላችሁ፤ አራት ሰው ይበቃል። ቀኑን ሙሉ እህል ስለማይቀምስ አስቀድሞ ሻይና ዳቦ መስጠት ደግ ነው። ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አታዘግዩት፤ ፊታችሁን አይቶ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ደግሞ ከመርዶው የማይተናነስ ሥቃይ ነው።

ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «አባትህ ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው 9 ሰዓት ነው። መኪና ተዘጋጅቷል፤ አብረንህ እንሄዳለን።» ብዙ ሰው «ትንሽ አሟቸዋል፣ ና ብለውሃል» ብሎ ማሳፈር ይመርጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን የሚጓዝ ከሆነ ይህ ልማድ ይጠቅማል፤ መንገድ ላይ ከሚሰማው ቤቱ ደርሶ ወገን መሀል ቢሰማው ይሻላልና። አብረውት የሚጓዙ ሰዎች ካሉ ግን 100 ኪሎ ሜትር ሙሉ እየዋሹት መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ይነገረው፣ እዚሁ ያልቅስ።

ከመነገሩ በፊት በርጩማውን፣ ብርጭቆውን፣ ጠርዝ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከአጠገቡ አንሱ። ራሱን መሬት ላይ የሚጥል፣ ደረቱን የሚደቃ፣ ግድግዳ የሚመታ ይኖራል። የእጁን አንጓ ጨምድዶ መያዝ ያታግለዋል፤ ከኋላ ሆናችሁ በብብቱ ሥር ደግፉት። «በቃ፣ ዝም በል፣ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ» አይባልም። ራሱን ከሳተ በጀርባው አጋድማችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ እስኪነቃ ድረስ አፉ ውስጥ ውኃ አታፍስሱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ጤና ተቋም ውሰዱት። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ ቀድሞ ኪሳችሁ ውስጥ መሆን አለበት።

ይህ ሲሆን ሦስተኛው ጓደኛ ግቢ ቀርቶ የከሰዓቱን ፈተና ጉዳይ ይጨርሳል። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርቱ ስምና ኮድ፣ የፈተናው ቀንና ሰዓት፣ ሟቹ ምኑ እንደሆኑ፣ ማስረጃው ሲመለስ እንደሚቀርብ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሰጥና አንዱ ቅጂ ላይ የተረከበው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። ያለዚያ «አልደረሰንም» ሲባል የሚቀርብ ነገር አይኖርም። መምህሩም ለብቻው ይነገረው። የሜካፕ (የማካካሻ) ፈተና መጠየቂያ ጊዜ ገደብ ስላለው ስንት ቀን እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቁና ጻፉት። ጓደኛችሁ ከደባርቅ ሲመለስ ከቀበሌው ወይም ከእድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እናስምርበት፤ ፈተናውን ተቀምጦ ውጤቱ ሲበላሽ «ሐዘን ላይ ነበርኩ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ አያገኝም። ሐዘን ከደረሰ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ማሳወቅ ነው እንጂ ተቀምጦ መሞከር አይደለም።

ለአዝማሪ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይነገራል። «አባቱ አርፈዋል፣ ዛሬ አይመጣም፣ እገሌ ይተካዋል» ማለት ብቻ ነው። ቀብድ የበላበት ሠርግ ካለ ቀብዱ ከነስሙ ለተተኪው ይተላለፍ፤ የሙሽሮቹ ስም፣ የመግቢያው ሰዓትና ባለሠርጉ የጠየቃቸው ዘፈኖች አብረው ይሰጡት።

አሁን ወዳላችሁበት እንምጣ። ይቅርታ ስትጠይቁ «ለአንተው ብለን ነው» የሚለውን አውጡት፤ ልቡን የሚዘጋው እሱ ነው። «ቀብሩ ላይ መድረስ ትችል ነበር፣ አስቀረንህ፣ በድለንሃል» በሉት። እናንተን ብቻችሁን አልሰማም ካለ ያ መርዶ መናገር የነበረበት ትልቅ ሰው ይምጣና ያስታርቃችሁ። የሐሙስ ማታውን ጨዋታ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የለቀቀ ሰው ካለ ፈልጋችሁ ዛሬውኑ አስወርዱት፤ ዘመድ ከማየቱ በፊት። ለአርባው ደግሞ ሦስታችሁም ደባርቅ ሂዱ። ቀኑን ከአጎቱ ጠይቁ፣ ያዋጣችሁትን ለእናቱ በእጃቸው ስጡ፣ ነጠላችሁን ጥለቱን ወደ አንገት አድርጋችሁ ግቡ፣ መቃብሩም ድረስ አብራችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ እሑድ ልጄን እድራለሁ። ዳስ ተጥሏል፣ ከብት ታርዷል። ዛሬ ሌሊት ሦስት ቤት አልፎ ያሉ ጎረቤታችን ዐረፉ፤ ቀብራቸው እሑድ 6 ሰዓት ነው ተብሏል። ሙዚቀኛውን ልመልሰው?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ ሠርጉ አይቀርም፤ ድምፁ ግን ይቀንሳል። ዛሬውኑ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዘው ለቅሶ ቤት ይሂዱ። መጀመሪያ ያልቅሱ፣ ይቀመጡ፤ ከዚያ ጉዳይዎን በሽማግሌዎቹ በኩል ይንገሯቸው። አብዛኛውን ጊዜ «እናንተም ተደሰቱ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ይመርቃሉ። ሳይጠየቁ ሙዚቃው ቢሰማቸው ግን ለዘመን የሚቆይ ቂም ነው።

እሑድ ቀብሩ እስኪያልቅ ድረስ ዳሱ ውስጥ ምንም አይነፋ፣ ምንም አይመታ። ከቤትዎ ቢያንስ ሁለት ሰው ቀብር ይውጣ። የሙሽራው መኪኖች በለቅሶው ቤት በኩል አይለፉ፤ ጡሩምባ እንዳይነፉም ለእያንዳንዱ ሾፌር በቃል ይነገረው፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚረሳ ነገር ነው። ከቀብር በኋላ ስፒከሩን ትተው ማሲንቆና ከበሮ በእጅ፣ ዳሱ ውስጥ ብቻ። ሙዚቀኛው በቂ ጊዜ ኖሮት እንዲዘጋጅ ዛሬ ይንገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ዳሱ ውስጥ ያሉት ወንበሮችና ብረት ድስቶች የእድር ከሆኑ በብዙ እድሮች ሕግ ለቅሶ ይቀድማል። ሰብሳቢው እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ፤ ግማሹን መልሰው ሌላ ይከራዩ።

ጥያቄ፦ በሳምንት አራት ማታ ከ2 እስከ 6 ሰዓት እዘፍናለሁ፤ ጠዋት 2፡30 ክፍል አለኝ። ማታ ከሥራ ስገባ እስከ 9 ሰዓት ሌሊት አጠናለሁ ግን አይያዝልኝም። ጆሮዬም እስከ ማግስቱ ይጮኻል። ፈተና ሦስት ሳምንት ቀረው።
(የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ከሥራ በኋላ ማጥናቱን ዛሬውኑ ተዪው። ቀን ያጠናሽው አእምሮሽ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ነው፤ አንቺ የምትቆርጪው ደግሞ እንቅልፉን ነው። 6፡30 ቤት ከገባሽ 7 ሰዓት ተኝተሽ 1፡30 ተነሺ። ስድስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ያንሳል፤ ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ጨምሪበት፤ ከዚያ በላይ ከተኛሽ ግን ደንዝዘሽ ትነሻለሽ። የጥናት ሰዓትሽ ከ9 እስከ 11፡30 ነው፤ ከመድረክ በፊት፣ ጭንቅላትሽ ሳይደክም። ደጋግሞ ማንበቡን አቁሚና ደብተሩን ዘግተሽ የምታስታውሺውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከዚያ ገልጠሽ የጎደለውን በቀይ ሙዪ። ያንኑ ምዕራፍ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ ድገሚው። ሁልጊዜ ቀይ የሚበዛበት ገጽ ይቅደም።

የመጨረሻ ቡናሽ ከ9 ሰዓት ቀን አይለፍ። ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ማታ 3 ሰዓት የጠጣሽው ስኒ ሌሊት 8 ሰዓትም ግማሹ አብሮሽ አለ። ጫትም ያው ነው፤ የሚሰጥሽን ንቃት ከነገው እንቅልፍሽ ላይ ነው የሚወስደው። ጋባዥ ጠጅ ሲልክልሽ እምቢ ማለት ቤቱን የሚያስቀይም ከሆነ ከባለቤቱ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪና በብርሌ ብርዝ ይቅዱልሽ። ከሩቅ አይለይም፤ ጋባዡም አይከፋም።

የጆሮሽ ነገር ግን ከፈተናው በላይ ያሳስበናል። ከሥራ በኋላ የሚጮኽ ጆሮ እየተጎዳ ያለ ጆሮ ነው። በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ለስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ ሩብ ሰዓት ብቻ ይሆናል። መለኪያ ባይኖርሽም ክንድ ርቀት ላይ ለቆመ ሰው መጮኽ ካስፈለገሽ ገደቡን አልፈሻል። ጥጥ መወተፍ አይረዳም፤ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን የስፖንጅ መድፈኛ ግዢ። በጣቶችሽ ቀጭን እስኪሆን ጠቅልለሽ፣ በሌላው እጅሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበሽ አስገቢው፤ እስኪያብጥ ሰላሳ ሴኮንድ ያህል በጣትሽ ያዢው። ብዙ ሰው «አይሠራም» የሚለው ይህን ሰላሳ ሴኮንድ ስለማይታገሥ ነው። ስፒከሩ ፊት ሳይሆን ጎኑ ቁሚ። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ማሲንቆዬን ቤቴ አስተካክዬ ቃኝቼ እሄዳለሁ፤ ቤቱ ሰው ሲሞላ ግን ድምፁ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። ደጋኑም አንዳንዴ እየተንሸራተተ ድምፅ አያወጣም።
(ጀማሪ ተጫዋች፣ ቀበሌ 18 አካባቢ)

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእርጥበት ሥራ ናቸው። የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ቆዳውም ይላላል። ሰው የሞላበት ቤት ደግሞ በትንፋሽና በላብ እርጥበት የታፈነ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ድረስ፤ ማሲንቆውን ከማኅደሩ አውጥተህ የምትጫወትበት ክፍል ውስጥ ተወው። ቤቱ ሳይሞላ አንዴ፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ እንደገና ቃኘው። ጨዋታ ሲያልቅ መቃኛውን አላላው፤ ተወጥሮ ያደረ ጭራ ቆዳውን በጊዜ ብዛት ያጎደጉደዋል።

ክረምት ላይ ቆዳው ሲታፈን ወደ ከሰል ታሞቀዋለህ፤ ርቀቱን በመዳፍህ ለካው። መዳፍህ ያለ ችግር ለረጅም ጊዜ የሚችለው ሙቀት ቆዳውንም አይጎዳውም። እያዟዟርክ አሙቀው፤ በጣትህ መታ ስታደርገው ድምፁ ሲጠራ አቁም፤ ካለፈ ከስፌቱ በኩል ይሰነጠቃል። ቅቤ ወይም ዘይት አትቀባው፤ ያለሰልሰዋል፣ ድምፁም አይመለስም። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታቀጣጥል፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ደጋኑ የሚንሸራተተው ሙጫ አንሶት ወይም ጭራው ቅባት ይዞ ነው። መጀመሪያ ዕጣን ወይም የጥድ ሙጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሽና ሞክረው። ካልተለወጠ ጭራውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥበህ፣ አለቅልቀህ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አድርቀህ እንደገና ሙጫ ቀባው። ሙጫ ሲበዛም ያጉረመርማል፣ ነጭ ዱቄትም ይረግፋል፤ ያኔ በደረቅ ጨርቅ ጠራርገው። ሥጋ በበላህበት እጅ ጭራውን አትንካ፤ ሠርግ ቤት ደጋን የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። አዲስ ጭራ ካሰርክ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙጫ ደጋግሞ ይጠጣል፣ ቅኝቱንም ይለቃል፤ ለሥራ ከመውጣትህ በፊት ቤትህ ሦስት አራት ቀን ተጫወትበት።